የጠመንጃና የጥይት ልክ
የጆን ሞዘስ ብራውኒንግ የሕይወት ታሪክ

በአደን ብዙ ዘመን ያሳለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለትልቅ አውሬ ትንሽ ጥይት ይዞ መውጣት ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ጠመንጃው ሊሸከመው የማይችለውን ትልቅ ጥይት መመኘትም ስሕተት መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ስሕተት የቈሰለው አውሬ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ይሞታል፤ አለዚያም ዞሮ አዳኙን ይገድላል። በሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ጠመንጃው ራሱ በጭንቅ ሰዓት ይከዳል። ይህ የልክ ጉዳይ ከሁሉ አብልጦ ያስቸገረው፥ አንዱን ጥይት ተኩሶ ሁለተኛውን ያለ እጅ እርዳታ ራሱ የሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ለመሥራት የተነሡትን ሰዎች ነው። ከነዚህም ሁሉ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ ነው።

ብራውኒንግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጃንዩወሪ 23 ቀን 1855 ዓ.ም. በዩታ ግዛት ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ጆናታን ብራውኒንግ ብረት ቀጥቃጭና ጠመንጃ ሠሪ ነበረ። ይህ ሰው ጥይቶቹን በተርታ የያዘ አንድ ብረት ከጎን ወደ ጎን እየተገፋ ተራ በተራ የሚተኩስ ጠመንጃ በገዛ ሐሳቡ ሠርቶ ነበር። በ1852 ከሞርሞን ማኅበረ ሰብ ጋር ሜዳውን ተሻግሮ ኦግደን ሰፈረ፤ በዚያም የእርሻ መሣሪያ ለሚያስጠግነውም ጠመንጃ ለሚያሠራውም ሰው አንድ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤት ከፈተ። ልጁም ፊደል ከመቍጠሩ ጋር የጠመንጃን ብልቶች እየለየ በዚያ ቤት አደገ።

ልጁ ገና ዐሥር ዓመት ሲሆነው ከተጣለ አሮጌ አፈ ሙዝና ከቍራጭ እንጨት አንድ ጠመንጃ አበጅቶ፥ ከወንድሙ ከማት ጋር ወፍ አድኖበት እንደ ተመለሰ ይነገራል። አባቱ ሥራውን አገላብጦ ካየ በኋላ አላሞገሰውም፤ በዚያ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ ሊሠራ ይገባው እንደ ነበረ ገለጸለት እንጂ። ይህ ታሪክ እየተደጋገመ የሚወሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ብራውኒንግ በዕድሜው ሙሉ የራሱን ሥራ አይቶ በቶሎ የማይረካ ሰው ነበረና ነው።

1879 በሕይወቱ ከባድ ዓመት ሆነ። በዚያው ዓመት ራሔል ቴሬዛ ቻይልድ የተባለችውን አገባ፤ አባቱ ሞተበት፤ በኦክቶበር 7 ቀንም አንድ ጥይት ብቻ ለሚያጎርስ ጠንካራ ጠመንጃ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ማስረጃ ተቀበለ። ከወንድሞቹም ጋር ሆኖ በኦግደን አንድ ትንሽ ፋብሪካ አቋቋመ። የሥራው አከፋፈል የተለየ ነበረ፤ ጆን ያስባል፤ ኤድ ብረቱን በመሞረድና በመግጠም ይረዳዋል፤ ማት ደግሞ ሒሳቡንና ንግዱን ይመራል።

ከኒህ ጠመንጃዎች አንዱ በአጋጣሚ ዊንቸስተር በተባለው ታላቅ ፋብሪካ ሰዎች እጅ ገባ። የፋብሪካው ሹም ቶማስ ቤኔት ነገሩን ስለ ተገነዘበ በ1883 ራሱ ባቡር ተሳፍሮ እስከ ኦግደን ድረስ መጣ፤ መብቱንም በ8 ሺህ ዶላር ገዛ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ብራውኒንግ የሚፈጥረውን ጠመንጃ ሁሉ ለዊንቸስተር በቍርጥ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ፋብሪካው ብዙዎቹን የገዛው ለመሥራት አልነበረም፤ ተወዳዳሪዎቹ እንዳይሠሩዋቸው በሣጥን ሊቈልፍባቸው ነው እንጂ።

ለትልቅ ጥይት የነበረው ችሎታ መጀመሪያ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰው ጠመንጃ እስከዚያ ዘመን ድረስ በአብዛኛው መካከለኛ ጥይት የሚተኩስ ነበር። ብራውኒንግ ግን በ1886 በወጣው ጠመንጃ መዝጊያውን በሁለት ጠንካራ ብረቶች ቀርቅሮ፥ የጦር ሠራዊቱን ትልቅ ጥይት 45-70ን ቀጥሎም ከእርሱ የሚበልጠውን 50-110ን እንዲችል አደረገው። በ1895 የወጣው ሌላው ጠመንጃው ደግሞ ጥይቶቹን ከአፈ ሙዙ በታች ባለ ቱቦ ሳይሆን በካዝና ውስጥ ስለሚይዝ ሹል እርሳስ ያላቸውን ረጃጅም ጥይቶች ለመጠቀም ተቻለ። በ1904 ለዚሁ ጠመንጃ 405 ዊንቸስተር የተባለ ጥይት ወጣለት፤ እርሳሱ 19 ግራም የሚመዝንና በሴኮንድ 670 ሜትር ያህል የሚሄድ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 በሞምባሳ ወደብ ወርዶ በምሥራቅ አፍሪካ ለአደን በሄደ ጊዜ አንበሳ የመታበት ጠመንጃ ይህ ነበረ። ሆኖም ሩዝቬልት እንኳ በአንድ ጥይት አልተመካም፤ ለሜዳ እንስሳት 30-06 የሚተኩስ ስፕሪንግፊልድ፥ ለዝሆንና ለአውራሪስ ደግሞ ሁለት አፈ ሙዝ ያለው ከባድ የእንግሊዝ ጠመንጃ አብሮ ይዞ ነበር።

እንግዲህ ብራውኒንግ ትልቅ ጥይት የሚችል ጠመንጃ መሥራትን ያውቃል። አስቸጋሪው ነገር ጠመንጃው ያንን ጥይት በራሱ ኃይል እንዲያጎርስ ማድረግ ነበረ። ይህን ሐሳብ ያመጣለት በ1889 በተኩስ ሜዳ ያየው ነገር እንደ ሆነ ይነገራል። አንድ ሰው በተኰሰ ቍጥር ከአፈ ሙዙ የሚወጣው የባሩድ ነፋስ በፊቱ ያለውን ሣር ያጎነብሰዋል። ሌሎች ይህን ሺህ ጊዜ አይተውት ያልፋሉ፤ እርሱ ግን በከንቱ የሚባክን ኃይል መሆኑን አስተዋለ፤ ወዲያውም ወደ ሥራ ቤቱ ተመልሶ ኃይሉን ለማጎረሻ የሚያውል መሣሪያ መሞከር ጀመረ። ከእርሱ በፊት ሂራም ማክሲም በ1884 ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታበትን ግፊት ለመትረየስ አውሎት ነበር፤ ብራውኒንግ ግን በነፋሱ የሚሠራ መትረየስ ፈጠረ፤ ኮልት የተባለው ፋብሪካም በ1895 አወጣው።

መትረየስ በመቆሚያ ላይ የሚያርፍ ከባድ መሣሪያ ስለ ሆነ ብዙ ብረት ቢጫንበት ግድ የለም። የአደን ጠመንጃ ግን ሰው ቀኑን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞት የሚዞር ነው። ስለዚህም ጥይቱ በጠነከረ መጠን መዝጊያው መክበድ፥ ሞላው መጠንከር፥ ጠመንጃውም መርዘም አለበት፤ መጨረሻውም የማይያዝ ዕቃ ይሆናል። የቀለሁም ቅርጽ ሌላ ችግር ነበረ። የጥንቶቹ ቀለሆች መቀመጫቸው ላይ ከንፈር ስላላቸው በካዝና ውስጥ አንዱ ከሌላው ከንፈር ጋር እየተያያዘ ይሰናከላል። በእጅ የሚያጎርስ ሰው ስንክሉን በጣቱ ያቃናዋል፤ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ግን የሚያቃናለት ሰው የለውም። ጥቍሩም ባሩድ ጥላሸት እየተወ ብልቶቹን ስለሚያጣብቅ፥ ነገሩ ሁሉ ጢስ አልባው ባሩድ እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ብራውኒንግ የዚህን የአደን ጠመንጃ የፈጠራ መብት በኦክቶበር 16 ቀን 1900 ተቀበለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጥይቱ በተተኰሰ ጊዜ አፈ ሙዙና መዝጊያው እንደ ተቈላለፉ በአንድነት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚያ መዝጊያው ተይዞ ይቀራል፤ አፈ ሙዙ ብቻውን በሞላ ኃይል ወደ ፊት ይመለሳል፤ ባዶውም ቀለህ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መዝጊያው ተለቆ አዲሱን ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ያጎርሳል፤ ዞሮም ይቈለፋል። ይህ ሁሉ ዐይን በማይከተለው ፍጥነት ይፈጸማል። የአሠራሩ ትልቅ ጥቅም እርሳሱ ከአፈ ሙዙ እስኪወጣና ግፊቱ እስኪበርድ ድረስ መዝጊያው ተቈልፎ መቈየቱ ነው፤ ተኳሹ ፊቱን ከሰደፉ ላይ አስጠግቶ ያለ ሥጋት ይተኩሳል።

ይሁን እንጂ ጠመንጃው ገበያ የወጣው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። በዚሁ ጊዜ ብራውኒንግ በተመሳሳይ መንገድ ራሱን የሚያጎርስ የወፍ ማደኛ ጠመንጃም ሠርቶ ነበርና፥ ይህን እንደ ወትሮው በቍርጥ ዋጋ ለመሸጥ እንቢ አለ፤ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ድርሻ እንዲከፈለው ጠየቀ። ቤኔት አልተቀበለውም። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዳጅነትም በዚህ ፈረሰ። ብራውኒንግ ሥራውን ይዞ ወደ ሬሚንግተን ፋብሪካ ሄደ፤ ነገር ግን በጃንዩወሪ 1902 ቀጠሮውን ሲጠባበቅ ሳለ የፋብሪካው ባለቤት ማርሴለስ ሃርትሊ በድንገት እንደ ሞተ ተነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ በቈረጠ ነበር፤ እርሱ ግን መርከብ ተሳፍሮ ወደ ቤልጂግ ተሻገረ።

በሊዬዥ ከተማ አጠገብ በሔርስታል ያለው ፋብሪክ ናስዮናል የተባለው ፋብሪካ በ1889 የተመሠረተው ለቤልጂግ ሠራዊት 150 ሺህ የማውዘር ጠመንጃዎች ለመሥራት ነበር፤ ከ1935 ጦርነት በፊት ኢትዮጵያ ከገዛቻቸው ጠመንጃዎች መካከልም ከዚሁ ፋብሪካ የወጡ ይገኙባቸዋል። ብራውኒንግ ከ1897 ጀምሮ በሽጉጥ ሥራ ከፋብሪካው ጋር ተዋውሎ ነበር። በ1902 ግን ራሱ ሄዶ የወፍ ማደኛውን ጠመንጃ ውል ፈረመ፤ በገዛ ገንዘቡም 10 ሺህ ጠመንጃ አዘዘ። የፈጠረውን ዕቃ ሌላው እንዲያምነው መጀመሪያ በራሱ ኪሳራ ያመነበትን ሰው ነጋዴ ሁሉ ያከብረዋል።

ሬሚንግተንም ኋላ ስለ ተጸጸተ በአሜሪካ የመሥራቱን መብት ወሰደ፤ ራሱን የሚያጎርሰውን የአደን ጠመንጃም በ1906 አወጣ። ይህም ከ1911 ወዲህ ሬሚንግተን 8 ተብሎ የሚታወቀው ነው። ጥይቱን የመምረጥ ጥያቄ የተቈረጠውም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው በጊዜው ከነበሩት ጥይቶች አንዱን አንሥቶ ከጠመንጃው ጋር አላጋባም፤ ከንፈር የሌላቸውን 25፥ 30፥ 32 እና 35 ሬሚንግተን የተባሉትን አራት ጥይቶች ከጠመንጃው ጋር አስማምቶ አዘጋጀ እንጂ። ቍጥሮቹ የእርሳሱን ወርድ በኢንች መቶኛ የሚያመለክቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አዳኞች በእጅ በሚያጎርሱ ጠመንጃዎች ለምደዋቸው ከነበሩት ጥይቶች ጋር በኃይል እኩያ ነበሩ። አራተኛው ግን ከነርሱ ይበልጣል፤ ወርዱ 9 ሚሊሜትር ያህል፥ የእርሳሱ ክብደት 13 ግራም፥ ፍጥነቱም በሴኮንድ 630 ሜትር ገደማ ነው።

ዛሬ በወረቀት ላይ ሲታይ 35 ሬሚንግተን ትልቅ ጥይት አይመስልም። በጫካ ውስጥ ለአጋዘንና ለጥቍር ድብ እስከ መቶ ኀምሳ ሜትር ድረስ ግን የሚያሳፍር አልነበረም። እርሳሱ ከባድና አፍንጫው ድቡልቡል ስለ ሆነ በቅርብ የመታውን እንስሳ ያወድቃል። ቀለሁም 49 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚረዝም መዝጊያው ብዙ መንገድ ሳይሄድ ያጎርሳል፤ አምስት ጥይት የሚይዘውም ጠመንጃ 3 ኪሎ ተኩል ከትንሽ ነገር በላይ አይመዝንም። ፋብሪክ ናስዮናል ይህንኑ ጠመንጃ በሔርስታል መሥራት በጀመረ ጊዜ ከአራቱ መካከል የመረጠው ይህን ትልቁን ብቻ ነው። በአውሮፓ የዱር እሪያና ቀይ አጋዘን የሚያድን ሰው ከዚህ በታች አያምንምና። እርግጥ በቤልጂግ የተሠሩት ከ5 ሺህ አይበልጡም፤ በአሜሪካ ግን እስከ 1936 ድረስ ብዙ ዐሥር ሺዎች ተሸጡ።

ዊንቸስተርም ዝም ብሎ አላየም። ብራውኒንግ ከሄደ በኋላ የፋብሪካው ባለሙያ ቶማስ ክሮስሊ ጆንሰን የብራውኒንግን መብት የማይነካ ሌላ መንገድ መፈለግ ግዴታ ሆነበት። ያገኘውም መንገድ መቈለፊያ የሌለው መዝጊያ ነበረ፤ የጥይቱን ግፊት የሚቋቋመው የመዝጊያው ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ይህ አሠራር ለትንሽ ጥይት ቀላልና ጥሩ ነው። ጆንሰን ግን ትልቅ ጥይት ለሚሹ አዳኞች በ1907 351ን፥ በ1910 ደግሞ 401ን አወጣ። በዚህ ጊዜ የጥይቱ ዕዳ ሁሉ በመዝጊያው ላይ ወደቀ፤ በእንጨቱ ውስጥ የተደበቀው ብረት ከበደ፤ ጠመንጃውም የከባድ ጥይት ጠመንጃን ያህል እየመዘነና ትከሻ እየመታ ከዚያ በላይ ሊያድግ አልቻለም። የ401 እርሳስ ከ35 ሬሚንግተን በወርድ ይበልጥ ነበር፤ በሥራ ግን ያን ያህል አልራቀውም። ከዚህ የሚታየው የጥይት ምርጫ የጥይት ብቻ ጕዳይ አለመሆኑ ነው። መዝጊያው የሚቈለፍበት መንገድ ጥይቱን አስቀድሞ ይወስናል።

አዳኞች ግን ሰው ናቸውና ያለውን ትተው የሌለውን ይመኛሉ። በ1906 የአሜሪካ ሠራዊት 30-06 የተባለውን ጥይት ከተቀበለ ወዲህ ብዙዎች ራሱን የሚያጎርሰው ጠመንጃ ለምን ይህን አይተኩስም እያሉ ይጠይቁ ነበር። መልሱ በልኩ ውስጥ ይገኛል። የ30-06 ቀለህ 63 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ግፊቱም ከ35 ሬሚንግተን እጅግ ይበልጣል። አፈ ሙዙንና መዝጊያውን በአንድነት ያን ያህል ርቀት ወደ ኋላ መላክ ጠመንጃውን ከአደን ዕቃነት ያወጣዋል።

ብራውኒንግ ይህን ጥይት የገራው በሌላ መንገድ ነው። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ለመግባት በተቃረበች ጊዜ፥ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ሣሩን ሲያጎነብስ ወዳየው የባሩድ ነፋስ ተመለሰና 30-06ን ያለ ችግር የሚያጎርስ አውቶማቲክ ጠመንጃ ሠራ፤ ይህም በ1918 ጦር ሜዳ ደረሰ። ጠመንጃው ግን 7 ኪሎ ከሩብ ያህል ስለሚመዝን የወታደር እንጂ የአዳኝ አልነበረም። መንግሥት ለዚህና ለሌሎቹ መሣሪያዎቹ መብት ቍርጥ ዋጋ 750 ሺህ ዶላር ባቀረበለት ጊዜ ሳይከራከር ተቀበለ። እንደ ልማዱ ድርሻ ቢጠይቅ ኖሮ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኝ እንደ ነበረ ተገምቷል። ለነጋዴ ያልተወውን መብት አገሩ በጦርነት ላይ ሳለች ተወው።

የፈጠራ ሥራ ሁሉ ፈጣሪው ባሰበው መንገድ ብቻ አይሄድም። በጁን 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተገደለበት ሽጉጥ በሔርስታል የተሠራ የብራውኒንግ ሽጉጥ ነበረ። በአደን ሜዳ ያደገው የኦግደን ልጅ ስሙ በብዙ አገር የሽጉጥ ስም ሆኖ ቀረ። እርሱ ራሱ ግን ዝምተኛ ሰው ነበረ፤ ብዙ አይጽፍም፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅም ብዙ አይናገርም። የሔርስታል ሠራተኞች መምህሩ እያሉ ይጠሩት ነበር። በዕድሜው ዘመን 128 የፈጠራ መብቶች አገኘ።

ንግዱን ይመራ የነበረው ወንድሙ ማት በ1923 ሞተ። ብራውኒንግ ግን ከአትላንቲክ ወዲያና ወዲህ መመላለሱን አላቋረጠም። በኖቬምበር 26 ቀን 1926 በሔርስታል ፋብሪካ ሥራ ላይ ሳለ ሕመም ተሰማው፤ በልጁ በቫል ቢሮ ውስጥም በልብ ድካም በ71 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አሜሪካ ተወስዶ በተወለደበት በኦግደን ተቀበረ። የጀመረውንም ሁለት አፈ ሙዝ ያለው የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ልጁ ቫል ፈጸመው።

ሬሚንግተን 8 በ1936 በተሻሻለው በ81 ተተካ፤ እርሱም እስከ 1950 ተሠራ። በ1955 ሬሚንግተን በባሩድ ነፋስ የሚሠራና 30-06 የሚያጎርስ ሌላ የአደን ጠመንጃ አወጣ። በ1967 ደግሞ የብራውኒንግ የልጅ ልጅ ብሩስ ከፋብሪክ ናስዮናል ጋር ሆኖ በነፋስ የሚሠራ፥ መዝጊያውም በሰባት ጥርሶች ዞሮ የሚቈለፍ የአደን ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ። ይህ ጠመንጃ 30-06ን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነምንና 300 ዊንቸስተር ማግነምን፥ በኋላም 338ን ቻለ። አያቱ በ1889 ያየው ነገርና በ1900 ለአደን ያወጣው ሐሳብ እንዲህ በአንድ ዕቃ ተገናኙ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጥይቶች ግን እስከ ዛሬ በፋብሪካ እየተሠራ የሚሸጠው ትልቁ 35 ሬሚንግተን ብቻ ነው።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለአዳኝ የሚተርፈው ምክር ግልጥ ነው። ራሱን ለሚያጎርስ ጠመንጃ ትልቅ ጥይት የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚያድነውን እንስሳና የሚተኩስበትን ርቀት ይወቅ፤ ቀጥሎ የጠመንጃውን መዝጊያና ክብደት ይመርምር፤ የጥይቱን ወርድ ከሁሉ በኋላ ይመልከት። ብራውኒንግ ትልቁን ጥይት የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ በ1886ም በ1918ም አሳይቷል። በአደን ጠመንጃው ላይ ግን መሣሪያው ሳይከዳ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ጫነበት። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፋቸው ጠመንጃዎቹ ዛሬም በአዳኞች እጅ የሚተኩሱት በዚህ ምክንያት ነው።